ልጄ ጠባዩ ተበላሸ ከማለታችሁ በፊት ምሳ እቃውን ክፈቱት

ልጆች 13፣ 14 ሲሞላቸው ቤቱ እንዴት እንደሚቀየር ለማናችሁም አዲስ አይደለም፣ በር መደብደብ፣ "ተዪኝ በቃ" ማለት፣ ጠዋት ከአልጋ አልነሳም፣ ማታ ደግሞ አልተኛም። እኛ አራት ኪሎ አካባቢ ነው ምንኖረው፣ ሁለት አሉኝ፣ ትልቋ 16 ትንሹ 14። ይሄን ልጻፍ ያልኩት አምና ትልቋ ላይ የደረሰውን ካየሁ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ጠባይ ነው ብዬ ስድስት ወር ሙሉ ስጨቀጭቃት ነበር፣ ለካ ልጅቷ ደም አልነበራትም።

ባጭሩ እንዲህ ነው የሆነው። ከትምህርት ቤት ተደወለልኝ፣ ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ አስተማሪ ጥያቄ ሲጠይቃት ታለቅሳለች። ቤት ስትመጣ አራተኛ ፎቅ ስለሆንን ደረጃው ላይ ሁለቴ ቁጭ ብላ ነው ምትደርሰው። ራሴን ያመኛል ትላለች። አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት ስሙን ልተወውና ደም እንኳን ሳይቀዱ "ጨጓራ ነው" ብለው ሁለት አይነት ኪኒን ሰጥተው ሸኙን፣ እዚህ ሀገር ያልታወቀ ነገር ሁሉ ጨጓራ ነው አይደል። ከወር በኋላ ሌላ ቦታ ሄድን፣ ዶክተሯ የታችኛውን የአይኗን ቆብ ገለጥ አርጋ አየችና "የወር አበባሽ ስንት ቀን ይቆያል?" አለቻት፣ ሲቢሲ ሚባለው የደም ምርመራ ታዘዘ፣ ሂሞግሎቢን (ደም ውስጥ ኦክስጅን ሚሸከመው ነገር) 10.4። ለሷ እድሜ ከ12 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው ሚባለው።

ከዛ "ምን ትበያለሽ?" ስትላት ነው እኔ መግቢያ ያጣሁት። ጠዋት ሻይ በዳቦ። ምሳ እቃዋን ባዶ አርጋ ስትመልስ የበላች መስሎኝ ነበር፣ ለጓደኞቿ ነው ለካ ምትሰጠው፣ ሽሮው ይሸታል ብላ አፍራ። ከሰአት እርጥብ በኮካ። ማታ ሽሮ፣ ሽሮው ሳይወርድ ሻይ። እኔ ደግሞ ቤት ውስጥ እንጀራ እስካለ ድረስ ልጅ አይራብም ብዬ ማምን ሰው ነበርኩ።

ለምን በዚህ እድሜ እንደሚከብድ ከዶክተሯም ከሰማሁት ካነበብኩትም ልንገራችሁ። ከ10 እስከ 19 አመት ያለው ጊዜ ከህፃንነት ቀጥሎ ሰውነት በጣም በፍጥነት ሚያድግበት ነው፣ ቁመቱ ይመዘዛል፣ ደሙ ይበዛል፣ አጥንቱ ይሞላል። ሰው በህይወቱ ሚኖረው የአጥንት ክምችት 90 ፐርሰንቱ ሴቶች 18፣ ወንዶች 20 አመት አካባቢ እስኪሞላቸው ተሰርቶ ያልቃል፣ ከዛ በኋላ ያለው ጊዜ በአብዛኛው የተጠራቀመውን መጠበቅ ነው። አእምሮ ደግሞ ከሰውነት ክብደት 2 ፐርሰንት ገደማ ሆኖ ሳለ ከምናወጣው ኢነርጂ 20 ፐርሰንቱን ይወስዳል፣ ያ ቆም ብሎ ማሰብ፣ ንዴትን መዋጥ ሚባለው ስራ ሚሰራበት የፊት ለፊቱ ክፍል ደግሞ እስከ ሀያዎቹ አጋማሽ ድረስ ተገንብቶ አያልቅም። እና ገና ግንባታ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ሲሚንቶ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አስቡት። አይረን (ሰውነት ደም ሚሰራበት ብረት) ሲያንስ ደም ብቻ አይደለም ሚጎዳው፣ ትኩረት ይጠፋል፣ ሙድ ይበላሻል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ከውጪ ሲታይ ስንፍና ነው ሚመስለው። ሴት ልጅ ከ14 እስከ 18 ባለው እድሜ በቀን 15 ሚሊግራም አይረን ያስፈልጋታል፣ ወንዱ 11፣ ልዩነቱ በወር አበባ ሚወጣው ደም ነው።

አሁን እኛ ወደሰራነው ልግባ፣ ከዚህ ውስጥ ለቤታችሁ ሚሆነውን ውሰዱ።

መጀመሪያ ሶስት ቀን ምንም ሳትቀይሩ እዩ

አንዱ ቅዳሜ ወይ እሁድ ይሁን። ግን እንደ መርማሪ ፖሊስ አትሁኑ፣ "ዛሬ ምን በላህ?" ብላችሁ ፊት ለፊት ካፋጠጣችሁት ይዋሻል፣ እኔ ሳህን እያጠብን "ዛሬ ካንቲን ምን ነበር?" እያልኩ ነው ያወጣሁት። ሶስት ነገር ብቻ ያዙ፦ ከማታው እራት እስከ ቀጣዩ ምግብ የሚባል ምግብ ድረስ ስንት ሰአት አለ፣ ከምግቡ ጋር ምን ጠጣ፣ ቀኑን ሙሉ ጥራጥሬ ወይ እንቁላል ወይ ስጋ ስንቴ አፉ ገባ።

የትንሹ ውጤት አስቆኝም አስደንግጦኝም ነበር። ማታ 2 ሰአት ይበላል፣ ጠዋት ሻይ ብቻ ፉት ብሎ ይሮጣል፣ ምሳ 6 ተኩል። አስራ ስድስት ሰአት ተኩል! እና የዲሲፕሊን ደብተሩን ገልጬ ሳይ የተደባደበባቸውና አስተማሪ የተናገረባቸው ቀናት በሙሉ አራተኛና አምስተኛ ፔሬድ ላይ ናቸው፣ ማለትም ከምሳ በፊት። ሁሉም ነገር ረሀብ ነው እያልኩ አይደለም፣ ልጁ ሲጠግብም ነገረኛ ነው፣ ግን ቁርስ መብላት ከጀመረ በኋላ ከትምህርት ቤት ሚደወለው ቀንሷል።

ቁርስ

እዚህ ጋ ብዙ ወላጅ ሚሳሳተው በግድ ማብላት ይጀምራል። ጉርምስና ላይ የእንቅልፍ ሰአታቸው በተፈጥሮ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ማታ ቶሎ አይመጣም ጠዋት ቶሎ አይለቅም፣ ስለዚህ 12 ሰአት ተኩል ላይ የተነሳ ልጅ አፉ ቢዘጋ አይግረማችሁ። በተለይ ታክሲ ሰልፍ ያለበት ልጅ 1 ሰአት ላይ ከቤት መውጣት ስላለበት ቁጭ ብሎ ሚበላበት ጊዜም የለውም። ለሁለት ክፈሉት፣ ትንሽ ቤት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ፣ የቦርሳውን 4 ሰአት እረፍት ላይ ይብላው።

ቤት ለሚበላው በሶን ሚያክል አላገኘሁም። ያው የተቆላ ገብስ ነው፣ ማታ መለካት፣ ጠዋት በውሀ ወይ በወተት ጠርሙስ ውስጥ መምታት፣ ማር ጠብ ማድረግ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ይጠጣል። ትንሹ መጀመሪያ "የገጠር ነገር" ምናምን ብሎ አሹፎ ነበር፣ ሯጮች ይጠጡታል ስለው ዝም አለ። ለቦርሳ የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ፣ ወይ የለውዝ ቅቤ በዳቦ፣ ወይ እሁድ የተሰራ ጭኮ፣ ጭኮ ሳምንቱን ሙሉ ስለማይበላሽ ለኔ አይነት ሰራተኛ እናት ምርጥ ነው። ቆሎ በለውዝም ይሆናል። ያልሰራው ምን መሰላችሁ፣ ጨጨብሳ በትምህርት ቀን፣ በቃ ለቅዳሜ ይቅር።

ሻይ በዳቦ ብቻ ቁርስ አይደለም። ሶስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይና ነጭ የፍርኖ ዳቦ ቶሎ ወደ ደም ይገባል ቶሎ ይወርዳል፣ 3 ሰአት ተኩል ላይ ልጁ መልሶ ይርበዋል፣ ይነጫነጫል። ከሻዩ ጋር አንድ እንቁላል ቢጨመርበት ነገሩ ሌላ ነው፣ ፕሮቲንና ስብ ሆድ ውስጥ ይቆያላ።

ሻዩን ከምግቡ አርቁት

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ምትሰሩ ከሆነ ይሄን ስሩ፣ ምክንያቱም አንድ ብር አያስወጣም። ሻይና ቡና ውስጥ ያለው ታኒን ምናምን ሚባለው ነገር ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከእንጀራው ሚገኘውን አይረን አንጀት ላይ ይይዘዋል፣ አንድ ሲኒ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ሚወስደውን አይረን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ቢያንስ አንድ ሰአት ይራቅ፣ በፊትም በኋላም። እኛ ሀገር ደግሞ ምግብ ሲያልቅ ሻይ ማምጣት ጨዋነት ነው፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳን አይቀርም፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ግጭት ይኖራል።

በተቃራኒው ደግሞ ቫይታሚን ሲ አይረኑን ያስገባዋል። እና መድሀኒት ቤት ሄዳችሁ ምትሟሟ ብርቱካን ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቃሪያ አለላችሁ! ጥሬ ቃሪያ ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፣ ስንግ ከሽሮ ጋር ሚቀርበው ዝም ብሎ አይደለም ማለት ነው፣ አያቶቻችን ሳያውቁት በትክክል ሰርተውታል። ግን ጥሬ ይሁን፣ ሲበስል ብዙው ይሄዳል። ቃሪያ ማይችል ልጅ ምስሩ ላይ ሎሚ ይጨመቅለት፣ ቲማቲም ስላጣ ይብላ፣ ወይ ከምሳ በኋላ ግማሽ ብርቱካን ወይ ዘይቱን።

ጤፍ አይረን ሞልቶታል ሚባለው ነገር

ይሄን ሁላችንም አድገንበታል። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፣ ካልሲየሙም ከብዙዎቹ እህሎች ይሻላል፣ ግን ጤፍ ላይ ሚለካው አይረን ብዙው አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈሩ ሚገባ ነው፣ እሱን ደግሞ ሰውነት በደንብ አይወስደውም። እህሉ ውስጥ ያለውም ቢሆን ፋይቴት ሚባል ነገር አስሮ ይይዘዋል፣ ሊጡ በእርሾ ሁለት ሶስት ቀን ሲቦካ ግን ይቀንሳል። ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ከቶሎ ቶሎው ይሻላል። የምንገዛው እንጀራ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፣ ከተማው ውስጥ ሚሸጠው ብዙው ሩዝ የተቀላቀለበት ነው፣ ነጭ ይሆናል ለስላሳ ይሆናል፣ ግን ጤፉ ሲቀንስ አብሮት ሚሄደው ነገርም ይቀንሳል። ከምትገዙባት ሴትዮ ጋር ተግባብታችሁ ቀይ ወይ ሰርገኛ ጤፍ ብታሰሩ ጥሩ ነው፣ ካልተቻለ አይጨንቃችሁ፣ ላዩ ላይ ያለው ወጥ ነው ዋናው።

ምሳ እቃው ለምን ተዘግቶ ይመለሳል

አብዛኛው ልጅ ምግቡን ጠልቶ አይደለም፣ ጓደኞቹ ፊት መክፈት አፍሮ ነው። ዘጠነኛ አስረኛ ክፍል ላይ ሽሮ የጠጣ እንጀራ ከፍቶ መብላት ለነሱ ሞት ነው፣ እናንተ ትስቃላችሁ፣ ያኔ እኛም እንደዛው ነበርን። ስለዚህ ደረቅ ደረቅ ያለ ነገር ያዙላቸው። አልጫ ምስር ወፍራም አርጎ እንጀራ ውስጥ ጠቅልሎ መቁረጥ፣ ሩዝ በካሮትና በእንቁላል፣ ፓስታ በምስር ሱጎ (አይታወቅም፣ የተፈጨ ስጋ ነው ሚመስለው)፣ ድንች በጎመን፣ አቮካዶ በሎሚ ከዳቦ ጋር። እሁድ ማታ ሁለቱ ቁጭ ብለው የሳምንቱን ይመርጣሉ፣ የመረጡትን ይበላሉ፣ ያልመረጡትን ለጓደኛ ያድላሉ፣ ህጉ ይሄ ነው።

እዚህ አዲስ አበባ የመንግስት ትምህርት ቤት ያሉ ትንንሾቹ የምገባ ፕሮግራም ስላለ ቁርስና ምሳ እዛው ያገኛሉ፣ ሀይስኩል ሲደርሱ ግን ኪሳቸው ውስጥ ባለችው ብር ነው ሚወስኑት። በሩ ላይ ያለው ደግሞ እርጥብ፣ ቺፕስ፣ ቦምቦሊኖ፣ ሳምቡሳ ነው። እርጥብ እኔም እወዳለሁ፣ ግን ድንች በዳቦ ማለት ዳቦ በዳቦ ማለት ነው፣ ዳጣው ብቻ ነው ሚለየው። አትከልክሉ፣ ከተከለከለ ይጣፍጣል። "ከቻልሽ እንቁላል አስጨምሪበት፣ ሳምቡሳ ከሆነ የምስሩን ግዢ" ብያት ነው የተስማማነው።

ውሀ

ይሄን ማንም አይናገረውም። ብዙ ሴት ልጆች ቀኑን ሙሉ ውሀ ማይጠጡት የትምህርት ቤቱን ሽንት ቤት ላለመግባት ነው። ልጄ ጠዋት 1 ሰአት ወጥታ እስከ 10 ሰአት አንድ ብርጭቆ አትጠጣም ነበር፣ ራስ ምታቷ ግማሹ ከዛ ነው ብዬ ነው ማስበው። ሶፍትና ሳኒታይዘር ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላት፣ ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነን የሽንት ቤቱን ነገር ስብሰባ ላይ አነሳን፣ ቁልፍ ተቀየረ ውሀ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ነው።

ለስላሳ፣ ማኪያቶ፣ ኢነርጂ

ኮካ 100 ሚሊ ውስጥ ወደ 10 ግራም ተኩል ስኳር አለው፣ ስለዚህ ትንሿ 300 ሚሊ ጠርሙስ ስምንት የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። የአለም ጤና ድርጅት ሚለው ከውጪ ሚጨመር ስኳር ከቀኑ ካሎሪ ከ10 ፐርሰንት በታች ይሁን፣ ቢቻል ከ5 በታች፣ 10 ፐርሰንቱ 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 50 ግራም ማለት ነው። አንድ ኮካና ሶስት ሻይ ጨረሰው። ጁስ ቤት ያለውም ስፕሪስ ስኳር ተጨምሮበት ከሆነ ያው ነው፣ "ያለ ስኳር" ማለት ልመዱ።

ካፌይን ደግሞ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለስልጣን ለልጆችና ለወጣቶች በቀን በኪሎ 3 ሚሊግራም ነው ያለው፣ 50 ኪሎ ልጅ 150 ሚሊግራም ማለት ነው። አንድ 250 ሚሊ ኢነርጂ ድሪንክ አብዛኛውን ጊዜ 80 ገደማ አለው፣ ሁለት ከጠጣ አለፈ። ሰውነት የካፌይኑን ግማሽ ለማስወጣት 5 ሰአት አካባቢ ይፈልጋል፣ ስለዚህ 11 ሰአት ላይ የተጠጣ ማኪያቶ ማታ 4 ሰአት ላይ ግማሹ እዛው አለ። እነሱ ደግሞ በዚህ እድሜ 8 እስከ 10 ሰአት መተኛት አለባቸው። ፈተና ሲደርስ ኢነርጂ ጠጥቶ ማደር፣ አንዳንዶቹ ጋ ደግሞ ለጥናት ብሎ ጫት ተጀምሯል፣ ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል እንቅልፍ ይነሳል፣ በማግስቱ ድብርት ነው፣ ልጃችሁ ድንገት እራት እምቢ ማለትና ሌሊት አይኑ ፍጥጥ ማለት ካበዛ ይሄንንም አስቡ። 12ኛ ክፍል ሆነው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሚፈተኑ ካሉ በሶ፣ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ጭኮ አሲዛችሁ ላኩ፣ የእህቴ ልጅ ዶርም ውስጥ የበሶ ባንክ ሆኖ ነበር የከረመው።

የፆም ነገር

ይሄ ጋ ረጋ ልበል ምክንያቱም አንዳንድ ሰው ፆም ጎጂ ነው ብሎ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ደግሞ ስለፆም መናገር ራሱ ሀጢያት ይመስለዋል። ረቡእና አርብ፣ 55ቱ የአብይ ፆም፣ ነብያት፣ ፍልሰታ፣ ሁሉም ሲደመር በአመት ከ180 ቀን በላይ ነው። የፆም ምግባችን በራሱ ጥሩ ነው፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ስልጆ፣ የት ሀገር ነው ይሄን ያህል ጥራጥሬ ሚበላው። ከፆም ምግብ በተፈጥሮ ማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው፣ ከእንስሳ ተዋፅኦ ነው ሚመጣው፣ ሲያንስ ድካም፣ እጅ እግር መደንዘዝ፣ መርሳት፣ ሙድ መውረድ ያመጣል። ሰውነት ግን ለረጅም ጊዜ ሚያጠራቅመው ነገር ስለሆነ በፍስክ ቀን በደንብ ካገኘ ፆሙ አይጎዳውም። ችግሩ ፆሙ አይደለም፣ ኑሮ ተወዶ ፍስኩም ፆም መሆኑ ነው። ስለዚህ ያለችውን ትንሽ ብር ለፍስክ ቀን አስቀምጧት፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ወይ በሳምንት አንዴ ትንሽ ጉበት። ከስጋ ሁሉ ጉበት አይረኑም ቢ12ቱም ይበልጣል፣ ዱለት ከሆነ ለልጆቹ በደንብ ይብሰል፣ ኮሶ ሌላ ጣጣ ነው።

በፆም ቀን ሚጎድለው ሌላው ካልሲየም ነው፣ በዚህ እድሜ በቀን 1300 ሚሊግራም ያስፈልጋል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ገደማ ነው። በፆም ሰሊጥ፣ ጎመን፣ ጤፍ። ጎመን ያልኩት ሀበሻ ጎመንን ነው፣ ቆስጣ ሳይሆን፣ ቆስጣ ኦክሳሌት ሚባል ነገር ስላለው ካልሲየሙን ይዞ አይለቅም። ሰሊጥ ተቆልቶ ተወቅጦ በሶው ውስጥ ይገባል፣ ዳቦ ላይ በማር ይቀባል።

እስከ 9 ሰአት ሚፆም ልጅ ካላችሁ በተለይ ደም ማነስ ያለባት ከሆነች ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ የኛ አባት ቁጭ ብለው ሰምተው "መድሀኒቷን ትዋጥ፣ ጠዋት ትቅመስ" ነው ያሉት፣ እኔ ነኝ የፈራሁት። ረመዳን ለሚፆሙት ጎረቤቴ ምታደርገውን ልንገራችሁ፣ ሰሁር ላይ ሩዝ ብቻ ሳይሆን እንቁላል ወይ ፉል ታበላቸዋለች፣ ማፍጠሪያ ላይ ተምርና ውሀ፣ ሾርባ፣ ሻዩ ከተራዊህ በኋላ ነው ሚመጣው።

"ኧረ ወፈርሽ!" "ምነው ከሳህ?"

ዘመድ ሲመጣ ከሰላምታ በፊት ሚወጣው ይሄ ነው። ለትልቅ ሰው ቀልድ ይሆናል፣ 15 አመት ላለች ልጅ ግን ቲክቶክ ላይ ቀኑን ሙሉ ቀጭን ወገብ ስታይ ውላ አክስቷ ሳሎን ውስጥ "ዳሌ አወጣሽ" ስትላት ማታ እራት ይቀራል። እኔ እህቶቼን በግልፅ ከልክያቸዋለሁ፣ ተቀየሙኝ፣ ይቀየሙ። ልጅቷ ምግብ መዝለል ካበዛች፣ በልታ ወዲያው ሽንት ቤት ምትገባ ከሆነ፣ ሁሌ ይበርደኛል ካለች፣ የወር አበባዋ ሶስት ወር ከጠፋ፣ "ዳይት ነው" ብላችሁ አትለፉት፣ ሀኪም ጋ ውሰዷት።

ወንዶቹ ደግሞ ጂም። ትንሹ ፕሮቲን ፓውደር ግዢልኝ ብሎ ሁለት ወር ለምኖኛል። ቁጭ ብለን ደመርን፣ በዚህ እድሜ በኪሎ 0.85 ግራም ገደማ ፕሮቲን ነው ሚያስፈልገው፣ እሱ 55 ኪሎ ነው፣ 47 ግራም ማለት ነው። ሁለት እንቁላል 12፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8፣ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 18፣ ቀሪው ከእንጀራና ከዳቦ ሞልቶ ይተርፋል። ጠርሙሱ ላይ ምን እንዳለ ማይታወቅ ነገር በዛ ዋጋ ከምገዛ እንቁላሉን ጨምሬለታለሁ፣ ስኳት (ቁጭ ብድግ) ደግሞ በነፃ ነው።

ምግብ ማይፈታው ነገር

እዚህ ጋ መዋሸት አልፈልግም። እንደ ፈረንጅ በ2017 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አለ፣ ድብርት ያለባቸው አዋቂዎች ለ12 ሳምንት አመጋገባቸውን እንዲያስተካክሉ ተረድተው ሲሶ ያህሉ ተሽሏቸዋል፣ ሰው እየሄደ ዝም ብሎ ሲያጫውታቸው ከነበሩት ደግሞ 8 ፐርሰንቱ ናቸው የተሻላቸው። ጥሩ ነው፣ ግን 67 ሰው ናቸው፣ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ህክምና ላይ የነበሩት ህክምናቸውንም አላቋረጡም። ምግብ ይደግፋል፣ መድሀኒትና ሀኪምን አይተካም። ልጃችሁ ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ ራሱን ከዘጋ፣ ድሮ ሚወደው ነገር ካስጠላው፣ እንቅልፉ ከተገለበጠ፣ "ባልኖር ይሻላል" አይነት ወሬ ካወራ በዛው ቀን ሰው ጋ ውሰዱት። የሰፈር ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል፣ ዘውዲቱም ጳውሎስም የአእምሮ ህክምና ክፍል አላቸው፣ አማኑኤልም አለ። አማኑኤል ሲባል ሰው ይደነግጣል፣ ሰፈር ምን ይላል ይላል፣ ሰፈር ለልጃችሁ አይደርስላችሁም።

ደም ማነስ ከጠረጠራችሁ ደግሞ (መገርጣት፣ ደረጃ ላይ ማለክለክ፣ በረዶ ወይ አፈር ማማር) አስለኩ፣ የሆድ ትልም ጠይቁ፣ በገዛ እጃችሁ ኪኒን አትጀምሩ። ኪኒኑ ከታዘዘ ከወተትም ከሻይም ጋር አይዋጥ፣ ሰገራ ያጠቁራል አትደንግጡ፣ ሆድ ከበጠበጠ ለሀኪሙ ንገሩት እንጂ አታቋርጡ። ለኛ ሶስት ወር ነው የታዘዘው፣ ስትጨርስ 12.6 ሆነች።

ለግዢው እኔ እሁድ ገበያ ነው ምሄደው፣ አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ እሱ ነው ሚቀርበኝ፣ በሳምንቱ መሀል የጎደለውን ጎመንና ቃሪያ ከሰፈር ጉልት። ምስርና ሽሮ በወር አንዴ። ጨው አዮዲን ያለበትን፣ ክዳን ያለው እቃ ውስጥ፣ ድስቱ ውስጥ ደግሞ ወጡ ሊወርድ ሲል፣ ቀድሞ ከገባ አዮዲኑ ይተናል።

ትልቋ አሁን ደረጃውን በአንድ ትንፋሽ ነው ምትወጣው፣ በር መደብደቡ አልቀረም። ሻዩን ከእራት በኋላ አንድ ሰአት ቆጥራ ነው ምትጠጣው፣ ስልኳ ላይ አላርም ሞልታ። አባታቸው ግን አሁንም ሽሮው ሳያልቅ "ሻይ የለም እንዴ?" ይላል፣ እሷ ደግሞ ቃሪያውን ወደሱ ገፋ ታደርግለታለች።